የሱሉልታ ሜዳ አዕዋፍ

እርሱ፦ እኅቴ፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከለገጣፎ ተነሥቶ አዕዋፍን ለማየት የሚሻ አድማጭ ወዴት ቢሄድ ይሻለዋል ይላሉ?

እርሷ፦ ወደ ሱሉልታ፤ ውኃ ተኝቶበት የሰነበተው ሜዳ ሲጠነፍፍ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ከጥንዱ ጋር ሣር ሲግጥ ይታያልና።

እርሱ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጥር ሜዳው ይደርቅ የለምን?

እርሷ፦ ይደርቃል። ያን ጊዜ በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ ግድብ ነው፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች በዚያ ይከርማሉ።

እርሱ፦ እኔስ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት የሚባለውን፣ በሰበታ በኩል ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን አስቀድማለሁ፤ ግንባረ ቢጫው በቀቀን በዚያ አለ።

እርሷ፦ ደኑን አልነቅፍም፤ ልቤን የሚያሳዝነው ግን ቤትና ፋብሪካ እየከበበው የሄደው የሱሉልታ ሜዳ ነው።