ከደወሉ በፊት፦ ለመተማና ለአካባቢው ወጣቶች የተደረገ ንግግር

ወገኖቼ! ገንዳ ውሃ ያላችሁ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ቋራ፣ ከዚያም ርቃችሁ ይህን የምታነቡ።

ዛሬ መፈክር የለም። የማወራችሁ ስለ ልጆች ነው፣ ትምህርት ቤት ሳይደወል በፊት ስላለችው አንድ ሰዓት።

የቋራው ካሳ ነግሦ መቅደላ ላይ ከመድፉ ጎን ምን አከማቸ? መጽሐፍ! ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰበውን ብራና በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘርፎት፣ 350 ያህሉ ዛሬም ለንደን ነው። ይመለስ እንላለን፤ ልክ ነን። ግን እዚሁ በካሳ አገር ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ የሚያቅተው ልጅ ሞልቶ የለም ወይ? እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ አላነበቡም። ከዚያ ወዲህ ኮሮናው፣ ጦርነቱ፣ የትምህርት ቤቶች መዘጋት ተጨመረበት።

ለምን ጠዋት? የቆላውን ፀሐይ ለናንተ አልነግራችሁም። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ልጅን አንብብ ማለት ቅጣት ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱም የቁርዓን ቤቱም ልጆችን በማለዳ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ገንዘብ የለንም ትሉ ይሆናል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳንፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ፣ በሚኖሩበት ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት! አህያ እኛ ጋ ጠፍቷል እንዴ?

በሃያ መጽሐፍ ይጀመራል። መጀመሪያ ግን ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱ፣ ወላጅ አነጋግሩ። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር፤ አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር አይቀመጥ። ይህ ላይ ድርድር የለም። ከዚያ አንዳችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው፤ ጅቡን እንደ ጅብ፣ ጦጣዋን እንደ ጦጣ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ያንብቡ። የቃል ፈተና፣ ነጥብ፣ አርጩሜ የሚባል ነገር እንዳይገባ፤ እሱ ክፍል ውስጥ ይበቃቸዋል። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ይኖራል፣ በእርግጠኝነት ይኖራል፤ ትንሽ ቆሎና ንፁህ ውሃ ካላዘጋጃችሁ ፊደሉ አይታየውም።

አሁን ዋናው ችግር። ሴቶቹ ልጆች አይመጡም። ጠዋት ውሃ የሚቀዳው ማነው? እሷ ነች። ወንዶቹ በጊዜ ደርሰው መጽሐፉን ሲቀራመቱ እሷ ጀሪካን ተሸክማ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ ለመጣ በሩ አይዘጋ፤ ለእሷ የተቀመጠ መጽሐፍም ይኑር። እናትየውን ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ «እማማ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ስጡን፤ ውሃውን ወንድሟ ይቅዳ» በሏት። አንዳንዷ ትቆጣችኋለች፤ ተመለሱ።

ጥቅምትና ህዳር ላይም ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሰሊጡ ደርሷላ። ሳሉጉ ከደጋ ሲወርድ የአገሩም ልጅ አብሮ ማሳ ይገባል። አትሳደቡ፤ የቤቱን ችግር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይልቅ መጽሐፍ በመዝገብ ፈርሞ ይዞ እንዲሄድ ፍቀዱ። ቢጠፋ ይጥፋ። መደርደሪያ ላይ ሳይነካ ከሚያረጅ ማሳ ላይ ቢቀደድ ይሻላል።

ሌላ ነገር። ጉሙዝኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛውን ሲያነብ ቢሰናከል፣ ከጋላባት ማዶ ሸሽቶ የመጣ ልጅም አረብኛ ቢቀላቅል፣ የሚስቅበት እንዳይኖር። በዚያ ሰዓት አገር ማለት እናንተ ናችሁ፤ ልጁ አገሩን የሚያውቃት በናንተ ፊት ነው። የፓርቲ ወሬም፣ የኛን የራሳችንን ጨምሮ፣ እዚያ አይገባም።

የመጀመሪያው ሳምንት አምስት ልጅ ብቻ ቢመጣ ለአምስቱ አንብቡ። ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ መጽሐፉን ሰብስባችሁ የብረት ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ ከመሬትም በድንጋይ ከፍ አድርጉት። የመተማን ምስጥ ታውቁታላችሁ።