ከሥራ ስንባረር ምን ይዘን እንውጣ?
በአሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ ቤት ለተሰበሰቡ ወገኖች የቀረበ ንግግር

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፤ ከሥራ ደክማችሁ ስትመለሱ፣ አንዳንዶቻችሁም የሌሊት ፈረቃ ልትገቡ ጥቂት ሰዓት ሲቀራችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁልን እናመሰግናለን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በሮቫችን ውስጥ ብዙ ቤት የገባ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ግን የማያወራው ጉዳይ ነው። ሰው ሲሞት ሁላችንም እንሰማለን፣ ድንኳን እንተክላለን። ሰው ከሥራ ሲባረር ግን ጠዋት እንደ ወትሮው የሥራ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ይውላል፤ ሚስቱ እንኳ ሳታውቅ ሳምንት ያልፋል። እኛ ይህን የምናውቀው ከመካከላችን ያደረግነው ስላለን ነው።

ከአንድ ሰው ታሪክ እንጀምር። የምንናገረው ፈቅዶልን ነው፤ ስሙንና የሥራ ቦታውን ግን አንጠራም። ይህ ወንድማችን እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ወገኖች አንዱ ነው። በአንድ መጋዘን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲጭንና ሲያራግፍ ሠራ። ከዚያ አዲስ አለቃ መጣ። አንድ ቀን ዕቃ ጎደለ ተባለ፤ ማን እንደወሰደው አልታወቀም። ወንድማችን ፈረቃው ሲያልቅ ወደ ቢሮ ተጠራ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው በፈጣን ዕብራይስጥ ተናገሩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እኛ ያደግንበት አገር አለቃ ወይም ታላቅ ሲቆጣ አንገት ደፍቶ መስማት ጨዋነት ነው። ዓይን ዓይኑን እያዩ መመለስ ድፍረት ነው፤ "ያላሳደጉት" ያሰኛል። እዚህ አገር ግን ዓይኑን የሰበረ ሰው ጥፋተኛ ይመስላቸዋል። በዚያች ክፍል የወንድማችን ጨዋነት እንደ ጥፋት ማመን ተቆጠረበት። ፕሮቶኮሉ ላይ ሠራተኛው የሚመልሰው ነገር እንደሌለው ተጻፈ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አቀረቡለትና በሰላም እንለያይ፣ ፈርም አሉት። ይሉኝታ ያዘው፤ ፈረመ።

ማታ ልጁ ወረቀቱን አነበበችው። የሥራ መልቀቂያ ነበር። በገዛ ፈቃዱ ትቶ እንደሄደ የሚገልጽ ወረቀት ነው።

ሁለቱን የዕብራይስጥ ቃላት በደንብ እናድምጣቸው፤ ከዛሬው ስብሰባ ሌላ ነገር ባትይዙ እንኳ እነዚህን ያዙልን። "ፒቱሪም" ማለት አሠሪው አባረረ ማለት ነው። "ሂትፓትሩት" ማለት ሠራተኛው ራሱ ለቀቀ ማለት ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ቶሎ ሲነገሩ ለጆሯችን ይመሳሰላሉ። በኪሳችን ላይ የሚያደርጉት ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የተባረረ ሰው አንድ ዓመት ከሠራ በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት ፒጹዪም ይገባዋል፤ በደምሳሳው ለአንድ ዓመት አገልግሎት የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ነው። ራሱ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ መብት የለውም። ቢቱዋሕ ለኡሚም ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን ለለቀቀ ሰው የሥራ አጥነት ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት 90 ቀን ያስጠብቀዋል። ሦስት ወር ያለ ገቢ! ልጆች ያሉት ሰው ሦስት ወር እንዴት እንደሚከርም እዚህ ላላችሁ አናስረዳም።

ስለዚህ በቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲቀርብላችሁ የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ።" ይህን ማለት ስድብ አይደለም። "ካልፈረምክ ደመወዝህን አንከፍልም" ቢባልም የሠራችሁበት ደመወዝ የፊርማ ዋጋ አይደለም፤ በሕግ የሚከፈል ነው።

የወንድማችን ጉዳይ በዚህ አላበቃም። ሥራ ፍለጋ ወጣ። በኢንዱስትሪው ሠፈር አንድ ቦታ ተቀብለውት፣ በሚቀጥለው እሑድ ና ብለውት ነበር። "ቀድሞ የሠራህበት ቦታ ደውለን እንጠይቃለን" አሉ። ከዚያ በኋላ አልደወሉለትም። በሁለተኛውም ቦታ እንዲሁ ሆነ። በስልክ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ምናልባት ምንም አልተባለ ይሆናል። እሱ ግን ስሙ ጠፋ ብሎ አመነ፤ እንቅልፉም ጠፋ።

በዚህ ጊዜ ወደ እኛ መጣ፤ እኛም ተሳሳትን። መጀመሪያ የመከርነው ያንን የሥራ ቦታ ከኮሮት ሓዪሙ ላይ እንዲያወጣው ነበር። አወጣው። በወረቀቱ ላይ የዘጠኝ ዓመት ጉድጓድ ተገኘ። ዘጠኝ ዓመት የት ነበርክ ሲሉት ምን ይበል? እስር ቤት ነበርኩ ይበል? ከመካከላችን ደግሞ አንዱ "እኔ እንደ አለቃው ሆኜ በስልክ ልመስክርለት" አለ። ተከራከርንበት፤ የተቆጣም ነበር። በመጨረሻ አይሆንም አልን። እውነት የያዘ ሰው በውሸት ከተያዘ እውነቱም አብሮ ይቀራልና።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ለሁለት የከፈልነው። አንደኛው ክርክሩ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ፍለጋው ነው። ክርክሩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው። አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለበትም።

ስለ ክርክሩ ብዙ አንልም፤ የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን ማወቅ የሚገባን አለ። በዚህ አገር የሥራ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ መሠረት አሠሪ ሠራተኛውን ከማባረሩ በፊት ሺሙዓ፣ ማለት ቃሉን የሚሰማበት መድረክ፣ ማድረግ አለበት። ምን እንደተወቀሰ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ለመዘጋጀት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አብሮት የሚገባ ሰው ሊያመጣም ይችላል። ፈረቃ ሲያልቅ በድንገት ጠርቶ መውቀስ ሺሙዓ አይባልም። በ2001 የወጣው ሕግ ደግሞ የቅድሚያ ማስታወቂያ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል፤ የወር ደመወዝተኛ ከአንድ ዓመት በላይ ከሠራ ማስታወቂያው የአንድ ወር ነው። የሥራ ፍርድ ቤት ችሎት ላይ ከዳኛው ጎን ከሠራተኞች ወገንና ከአሠሪዎች ወገን የተወከሉ ሰዎች ይቀመጣሉ። ሽምግልና ለለመደ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘብ ከመጠየቅ አትዘግዩ፤ አብዛኛው የይገባኛል ጥያቄ በ7 ዓመት ይዘጋል፤ ያልተከፈለ የዓመት ዕረፍት ግን በ3 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሥራ ፍለጋው እንመለስ፤ ዛሬ ያስቸገረን እሱ ነው።

በኢትዮጵያ ሥራ ለመግባት ዋስ ይጠየቅ ነበር። ዋስ ማለት የሚያውቅህ፣ ስለ አንተ የሚፈርም ሰው ነው። ሥራ ስትለቅ ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይሰጥሃል። ዛሬም በዚያ አገር በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራኸውን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገልክበትን ዘመንና ደመወዝህን የሚገልጽ ወረቀት አሠሪው በነፃ እንዲሰጥ ታዟል። እዚህ ደግሞ ቀደም ብለን የጠቀስነው የ2001 ሕግ አሠሪው ሠራተኛው ሥራ የጀመረበትንና ያቆመበትን ጊዜ የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ማለት ኢሹር፣ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አሠሪው ቢወዳችሁም ባይወዳችሁም መስጠት አለበት። ሕጉ የሚጠይቀው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ነው፤ ጠብ እንደነበረ ጻፍ አይልም። ለተጣላ ሰው ከዚህ የተሻለ ወረቀት የለም። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቦታ የቆየ ሰው ሰነፍ እንዳልሆነ ያ ኢሹር ብቻውን ይናገራል።

ከእሱ ጋር ትሉሾቻችሁን ሁሉ አስቀምጡ። የደመወዝ ወረቀት ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚጣል አይደለም። በአንዳንድ ቤት ፌስታል ውስጥ ከመብራት ደረሰኝ ጋር ተደባልቆ አይተናል፤ እሱም ቢሆን ከመጣል ይሻላል። የጡረታ ቁጠባ ከ2008 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ፣ ለቁጠባ ድርጅቱ የሚጻፈውን የመልቀቂያ ደብዳቤ መጠየቅም አትርሱ።

ስለ ሃምላጻ እንናገር፤ የምስክርነት ቃል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ምስክር መሆን የሚችለው ያባረረን አለቃ ብቻ ይመስለናል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ወንድማችን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት የፈረቃ አለቆች አሳልፏል። ከእነርሱ አንዱ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ አሽዶድ ይኖራል። ሄደን አነጋገርነው። "እሱማ? አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም" አለን፤ ስልኩንም በፈቃዱ ሰጠ። ከዚያ መጋዘን ዕቃ ሲጭን የኖረ የጭነት መኪና ሹፌርም መሰከረለት። የሚሉዊም አዛዥ፣ የኮርስ አስተማሪ፣ በካብላን በኩል የሠራችሁም የጽዳት ሥራ የሠራችሁበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው። ግን አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። ሳያውቅ ስልክ የሚደወልለት ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ምስክርነት ከክፉ ምስክርነት አይሻልም።

ያ የቀድሞ አለቃ ክፉ ቢናገርስ? በ1965 የወጣው የስም ማጥፋት ሕግ አለ። አሠሪ በቅን ልቦና ስለ ሥራችሁ ያለውን አስተያየት ቢናገር ሕጉ ሊከላከልለት ይችላል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ "ሌባ ነው" ካለ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራለትም። በስልክ የተባለን ማረጋገጥ ከባድ ነውና በዚህ ላይ ብቻ ተስፋ አታድርጉ። የተሻለው መንገድ በስምምነት ማሰር ነው። ክርክሩ በስምምነት የሚያልቅ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከመፈረሙ በፊት፣ ሰው ደውሎ ሲጠይቅ ማን እንደሚመልስና ምን እንደሚል በጽሑፍ ይግባ። ሰው ስለ ገንዘቡ ሲከራከር ይህን ይረሳል፤ እኛ ግን ከገንዘቡ እኩል እናየዋለን።

በቃለ መጠይቅ ላይስ "ለምን ለቀቅክ?" ሲሉ? ከወንድማችን ጋር በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ቡና እየጠጣን ተለማመድነው። መጀመሪያ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ፣ ከዕቃው መጥፋት ጀምሮ ነገረን፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ዓይኑም እንባ አቀረረ። አይሆንም አልነው። አሠሪው ዳኛ አይደለም፤ ክርክሩን ለእሱ አትክፈትለት። በኋላ እንዲህ አሳጠረው፦ "ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። አለቃ ተቀየረ፤ አልተስማማንም፤ ተለያየን። ከእኔ ጋር የሠራ የፈረቃ አለቃ ስልክ ይኸውና።" ይህ ሁሉ እውነት ነው። የቀድሞውን አሠሪ አልሰደበም፤ ራሱንም አልወነጀለም። ከሁሉ ያስቸገረው ይህን ሲል የሰውየውን ዓይን ማየት ነበር። አምስት ጊዜ ደጋገመው። ሚስቱ ሳቀችበት፤ እሱም ሳቀ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር አለችን።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንዳንዴ በሩ የተዘጋው በክፉ ምስክርነት ሳይሆን በስማችንና በመልካችን ነው። የ1988ቱ የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ በ1995 ሲሻሻል ዘርና የትውልድ አገር በክልከላው ውስጥ ገብተዋል። ይህ በቅጥርም በማባረርም ይሠራል። ከሥራ የተባረረ ሰው በጠባዩም በሥራውም ለመባረር የሚያበቃ ምክንያት እንዳልነበረ ካሳየ፣ ያባረረው በዘሩ እንዳልሆነ የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። ለዚህ ነው ስለ ትሉሽና ስለ ምስጋና ደብዳቤ የምንጨቀጭቃችሁ። ከ2008 ጀምሮ የእኩል ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። ወጣቶቻችን በ2015 አደባባይ ከወጡ በኋላ በ2016 የመንግሥት ኮሚቴ ዘረኝነት በእኛ ላይ እንዳለ በሪፖርት አምኗል፤ በፍትሕ ሚኒስቴርም አቤቱታ የሚቀበል ክፍል ተቋቁሟል። በ2000 የተመሠረተው ጠበቃ የተባለው የወገኖቻችን የሕግ ድርጅት አለ፤ ከ1991 ጀምሮ የሚሠራው ካቭ ላኦቬድም አለ።

የወንድማችን መጨረሻ ምን ሆነ? የጠበቃ ደብዳቤ ከሄደ በኋላ ኩባንያው ያንን የመልቀቂያ ወረቀት ትቶ የስንብት ደብዳቤ ጻፈለት። ፒጹዪሙም ተከፈለው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ተደራድረው ነው። ይቅርታ ያለው የለም። የጠፋው ዕቃ ነገርም እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ እሱን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይኸው ነው። አሁን በሌላ መጋዘን በሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ደመወዙ ከበፊቱ ያንሳል። ዛሬ ያልመጣውም ሥራ ስለገባ ነው።

አሁን ንግግሩን እናቁም። በቦርሳችሁ ወረቀት የያዛችሁ እናቶችና አባቶች በመስኮቱ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ኑ፤ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ትናንት ወይም ዛሬ የተባረረ ካለ ግን ወረፋ አይጠብቅ፤ ነገ ጠዋት ሊሽካ ሄዶ መመዝገብ አለበትና አስቀድመን እሱን እናናግር።