ሁለት ሰው፣ አንድ መዝገብ፣ ሁለት ቅጣት
(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን፤ ግን አታስረዝም» ስላሉኝ በቀጥታ ልግባ።

በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና የቆመ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አለች። ቅጣት በተነበበ ማግስት የተፈረደበት ልጅ እናት ቢሮ ትመጣና «አብረው አይደል እንዴ ያጠፉት? ያኛው ሁለት ዓመት፣ የኔው ለምን አምስት?» ትላለች። «የዳኛው ሥልጣን ነው፣ እማማ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ጥያቄዋ ግን ሙሉ የሕግ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገባታል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 41 መሠረት ግብረ አበሮች የሚቀጡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ድርጊትና በተሳትፏቸው መጠን ነው። የግል ማቅለያም ሆነ ማክበጃ ለባለቤቱ ብቻ ይያዛል። አንቀጽ 88ም ቅጣት ሲወሰን የጥፋተኛው የጥፋት ደረጃ፣ የቀድሞ ሕይወቱ፣ ለወንጀሉ ያነሳሳው ምክንያትና የግል ሁኔታው እንዲታዩ ያዛል። ስለዚህ ሱቅ ሰብሮ የገባውና ውጭ ቆሞ የጠበቀው አንድ ዓይነት ቁጥር ይውሰዱ የሚል ሕግ የለንም። የምንጠይቀው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በመዝገቡ ላይ ምክንያት እንዲኖረው ነው። ውጭ የጠበቀው አምስት፣ ገብቶ የወሰደው ሁለት ዓመት ከተፈረደባቸው፣ ያንን የሚያስረዳ ነገር ከውሳኔው ላይ መነበብ አለበት።

የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎው መዝገብ ላይ አብራርቶታል። በግብረ አበሮች ቅጣት መካከል ያለው ልዩነት፣ የከበደበት ሰው በትክክል ተበድያለሁ ሊል የሚችልበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ይግባኝ ሰሚው ጣልቃ ሊገባ ይችላል። መለኪያው የተቀጪው ቁጭት ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰውም ፍትሕ ተጓደለ ሊል ይገባል። እኛም በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 25 በሕግ ፊት እኩል ነን ብለናል።

እንግዲህ ለወጣት ጠበቆቻችን ላውጋ። «ቅጣቱ በዝቶብኛል» ብቻ የሚል አቤቱታ ሩቅ አይሄድም። የሁለቱንም ሰዎች መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ ክሱ ስንት ነው? ማን ምን አደረገ? ማን አመነ? የቀድሞ ጥፋት ያለበት ማን ነው? ዕድሜስ? የትኛው ማቅለያ ለአንዱ ተይዞ ለሌላው ታለፈ? በዚህ ሁሉ የማይገለጽ ልዩነት ከቀረ፣ የይግባኛችሁ ፍሬ ነገር እሱ ነው። ያኛው የቀለለለት በስሕተት ነው የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የደንበኛችሁ ቅጣት በራሱ ሚዛንም ቢሆን ከባድ መሆኑን አብራችሁ አሳዩ። ጊዜውንም አትርሱ፦ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ መጠየቂያው በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ዋናው ጉዳዬ ግን ይሄ ነው። ከሁለቱ ጥፋተኞች አንዱ ዘመድ አለው፣ ጠበቃ ይቆምለታል። ሌላው ማንም የለውም፤ ይግባኝ ሳይል ማረሚያ ቤት ይቀራል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 196 ለእሱ አንድ በር ከፍቷል፦ ቢጠይቅ ኖሮ ተመሳሳይ ውሳኔ ያገኝ የነበረ ከሆነ፣ የይግባኙ ውጤት እሱም እንደጠየቀ ተቆጥሮ ይድረሰው ይላል። ለደንበኛችን የግል ሁኔታ የተሰጠ ማቅለያ አይተላለፍም፤ የማስረጃ ወይም የሕግ አተረጓጎም ስሕተት ሲታረም ግን ይተላለፋል። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ በሥራ ብዛት ሊዘለል ይችላል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ አንድ ነገር እንስማማ። ጠበቃ የሆንን በይግባኛችን መጨረሻ፣ የማናውቀውን ሰው ስም ጠቅሰን አንዲት አረፍተ ነገር እንጨምር። ዐቃቤ ሕግ የሆናችሁ አትቃወሟት። ዳኛ የሆናችሁ በዝምታ አትለፏት። ለእኛ አንድ መስመር ናት፤ ለእሱ ግን ዓመታት።