ከመዝገብ ውጭ የቀረው ምእመን

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያ ዓመት ብዙ ምእመናን ሰሙነ ሕማማትንና ትንሣኤን በየቤታቸው ሆነው ማሳለፋቸውን አንረሳውም። ዛሬ የምናነሣው ግን የበሽታውን ታሪክ አይደለም፤ ሥራቸው ለተቋረጠባቸው ወገኖች የተደረገው ድጋፍ ማንን እንዳገኘና ማንን እንዳለፈ ነው።

መንግሥት በጊዜው የወሰዳቸው እርምጃዎች ቀላል አልነበሩም። አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ፣ አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተከለከሉ። ሥራቸው ቆሞ ሳለ ደመወዝ መክፈላቸውን ለቀጠሉ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቆረጠው የሥራ ግብር ለአራት ወራት ቀረላቸው። በ11 ከተሞች ይካሄድ በነበረው የከተማ ሴፍቲኔት የታቀፉ ወገኖችም የአካባቢ ልማት ሥራው ሲቆም የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተደረገ።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ የድጋፉ በር በአብዛኛው መዝገብ ነበር። የሥራ ውል ያለው፣ ስሙ በደመወዝ መክፈያ ላይ የሰፈረ፣ አስቀድሞ በሴፍቲኔት የተመለመለ ሰው በዚያ በር ገባ። በቀን ሥራ የሚያድረው፣ ዕቃ እያዞረ የሚሸጠው፣ በየቤቱ ልብስ የምታጥበው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍ የምትሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ውጭ ቀሩ። በግለሰብ ቤት የሚሰጥ አገልግሎት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ አይሸፈንም።

እኛስ? ወቀሳውን ከራሳችን እንጀምር። በዚያን ጊዜ ባገለገልንበት አንድ አጥቢያ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና አከፋፍለናል። ስም ዝርዝሩን ያወጣነው የአባልነት ክፍያቸውን ካጠናቀቁና ወደ ደጀ ሰላም መጥተው ከጠየቁ ሰዎች ነበር። ዘወትር ኪዳን የምታስደርስ አንዲት እናት በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ልብስ በማጠብ ትተዳደር ነበር፤ በሽታውን የፈሩ ደንበኞቿ «እስኪያልፍ አትምጪ» አሏት። የአባልነት ክፍያዋን ካቋረጠች ቆይታ ስለ ነበር መጥታ መጠየቅ አሳፈራት። ችግሯን የሰማነው ኪራይ መክፈል ተስኗት ሰፈሩን ከለቀቀች በኋላ ነው። ወዴት እንደ ሄደች የሚነግረን አላገኘንም። ስሟን እናውቅ ነበር፤ ኑሮዋን ግን አላወቅንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በዕለቱ ማዕድ መበለቶች በመዘንጋታቸው ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ቅሬታውን አልናቁም፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው እጃቸውን ጫኑባቸው። እንግዲህ ዲቁና ገና ከመነሻው የተዘነጋውን የመፈለግ አገልግሎት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የአጥቢያው የምእመናን መዝገብ ከስምና ከክፍያ በተጨማሪ የእያንዳንዱን መተዳደሪያ፣ የቤተሰቡን ብዛትና በኪራይ ቤት መኖር አለመኖሩን ይያዝ። የንስሐ አባቶች በምሥጢር የሚሰሙት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ችግረኛውን ፈቃዱን ጠይቀው ያስመዝግቡ። ክፍያ ማቋረጥ ከእርዳታ የሚያስቀር ምክንያት አይሁን፤ ይልቁንም ያቋረጠውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደን እንድንጠይቀው የሚያነቃን ምልክት ይሁን። ሁለተኛ፣ ወረዳው ለድጋፍ ምዝገባ ሲያካሂድ ሰበካ ጉባኤው የተዘነጉትን አጣርቶ ያሳውቅ፤ የማስረጃ ደብዳቤም ይጻፍላቸው። ሦስተኛ፣ የራሳችንን ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛና የአብነት መምህር በጽሑፍ ውል እንቅጠር። እኛ ያልመዘገብነውን ሠራተኛ ሌላው እንዲመዘግብልን መጠየቅ አንችልም።

መዝገብ የሚዘጋጀው በደኅና ቀን ነው። ክፉ ቀን ከመጣ በኋላ ሰውን ፍለጋ መውጣት ምን ያህል እንደሚዘገይ አይተነዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።