በወሊድ ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቅና የሁለት ዓመቱ ይርጋ

(ቡልጋሪያ አካባቢ በተካሄደው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረጉት ንግግር)



ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ዳኛም ጠበቃም አይደለሁም። ነገር ግን ክስ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእኛ እጅ እያለፈ ስለነበር አንዳንዱን ነገር ከጠበቃ ባላነሰ አውቀዋለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በወሊድ ጊዜ በሕክምና ስሕተት ጉዳት የደረሰባት ሴት በሕግ ምን ማድረግ እንደምትችል ነው። ጉዳዩ ሰፊ ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ ይርጋ ነው።

እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ልጁ ቢሞትባትም፣ ማህፀኗ ቢወጣም፣ ሽንቷን መቋጠር ቢያቅታትም «አንቺ ተርፈሻል፣ ተመስገን በይ» እንላታለን። ማመስገኑ ደግ ነው፤ እኔም ብያለሁ። ግን አራስነቱ፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና፣ ጠበሉ፣ ከባል ቤተሰብ ጋር ያለው ጣጣ ሲደራረብ ያቺ ሴት ቀና ብላ «ምን ሆኜ ነው?» ብላ ለመጠየቅ ዓመት ይፈጅባታል። ሕጉ ደግሞ መቁጠር የጀመረው ገና አልጋ ላይ እያለች ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2143፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ በዚያ በረዘመው መጠየቅ ይቻላል። ከፍሎ የታከመ ሰው ከሆስፒታሉ ጋር የሕክምና ውል አለው፣ ስለዚህ የውል ይርጋ የሆነው አሥር ዓመት ነው የሚሠራው ብለው የሚከራከሩ ጠበቆችም አሉ። ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ሕጉ ስለ ሕክምና ውል ይናገራል። ሆኖም እሱን ተማምናችሁ እንዳትቀመጡ። ሁለት ዓመት ብላችሁ ቁጠሩ።

ከአባሎቻችን አንዲት እህት ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። ስሟንም የወለደችበትንም ቦታ አልጠቅስም። በቀዶ ጥገና ወለደች፤ ሆዷ ግን አልሻረም። ትኩሳት ይመጣል፣ መድኃኒት ይሰጣታል፣ ትመለሳለች። ወራት ካለፉ በኋላ ሌላ ቦታ ስትመረመር ሆዷ ውስጥ ጎዝ ተረስቶ ተገኘ። በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ወጣላት። እንደ ጎበዝ ሴት ወዲያው ለሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመለከተች። ከዚያ በኋላ ጠበቀች። ስትሄድ «ኮሚቴው እያየው ነው» ይሏታል፣ ትመለሳለች። ውሳኔውን ይዛ ፍርድ ቤት ስትመጣ ከወለደች ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗት ነበር። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ ያነሳው መቃወሚያ ይርጋ ነው። ክርክሩ ስለ ጎዙ መሆኑ ቀርቶ ቀኑ ከመቼ ይቆጠር የሚል ሆነ፤ ከወለደችበት ቀን ነው ወይስ ጎዙ ከተገኘበት? እስከ አሁን ያ አልተቋጨም።

ይህን የነገርኳችሁ ኮሚቴ መሄድ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሐኪሙ ወይም አዋላጇ የሙያውን ደንብ ጥሳ እንደሆነ ያያል። ሊያስጠነቅቅ፣ የሥራ ፈቃድ እንዲታገድ ወይም እንዲሰረዝ ሊያደርግ ይችላል፤ አስተያየቱም በፍርድ ቤት ትልቅ ክብደት አለው። በፌዴራሉ ኮሚቴ 125 ውሳኔዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ አቤቱታ የቀረበበት የሕክምና ዘርፍ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ነው። ስለዚህ ለእነሱ አዲስ ነገር ይዛችሁ አትሄዱም። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ካሳ አይሰጥም። ለኮሚቴ ማመልከትም ክስ መመሥረት አይደለም፤ በአንቀጽ 1851 መሠረት ይርጋን የሚያቋርጠው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ወይም ክስ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ። የኮሚቴው መልስ ከዘገየ ክሱን ክፈቱና ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን እንዲያስቀርብላችሁ ጠይቁ።

መጥፎ ነገር ሁሉ የሐኪም ጥፋት እንዳልሆነም ልናገር። በደንብ እየታከመችም ደም የሚፈሳት እናት አለች። ፌስቱላም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲረዝምና እርዳታ ሲዘገይ ነው፤ በቀዶ ጥገና ጊዜ በሚደርስ መቆረጥ የሚመጣም አለ። ሕጉ በአንቀጽ 2031 የሚጠይቀው ባለሙያው ሥራው የሚታወቅበትን ደንብ ጠብቋል ወይ ብሎ ነው። «ለቀዶ ጥገናው ፈርሜያለሁ፣ አሁን ምን አፍ አለኝ» የምትሉኝ አላችሁ። የፈረማችሁት ለመታከም ነው። ሆዳችሁ ውስጥ ጎዝ እንዲረሳ አልፈረማችሁም። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ተጠያቂ ነው ስለሚል ያን አንድ ወጣት ሐኪም ብቻ ማሳደድ የለባችሁም። የመንግሥት ተቋም ከሆነም በአንቀጽ 2126 መንግሥትን መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ የእኔ ሙያ እሱ ነውና። የክትትል ካርዳችሁን፣ የመውጫ ወረቀታችሁን፣ የሪፈር ደብዳቤውን፣ የአልትራሳውንድ ውጤቱን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ የታክሲውን ሒሳብ የጻፋችሁበትን ብጣሽ ሳይቀር በአንድ ፌስታል አስቀምጡ። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ በዕቃ ጭነት መሐል ስንት ሰነድ እንደጠፋ እናንተው ታውቃላችሁ። ኮፒውን እህታችሁ ዘንድ አስቀምጡ፣ በስልክም ፎቶ አንሡት። የሕክምና ፋይላችሁን ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቁና የማመልከቻውን ቀሪ አስመትታችሁ ያዙ። ከከለከሏችሁ ፍርድ ቤቱ ፋይሉ እንዲቀርብ እንዲያዝ ማመልከት ይቻላል። እናት ከሞተች ደግሞ ከባዱን ነገር ልናገር፤ ከቀብር በፊት ለፖሊስ ካልተመለከተና አስከሬኑ ካልተመረመረ በኋላ የአሟሟቷን ምክንያት ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል።

ስለ ካሳው መጠን እውነቱን ልንገራችሁ። ለኀዘናችሁ፣ ለሞተው ልጅ፣ ከእንግዲህ ላለመውለዳችሁ የሚከፈለው የሕሊና ጉዳት ካሳ በአንቀጽ 2116 ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ አንድ ሺህ ነው፤ ዛሬም አንድ ሺህ ነው። እኔ ይህን ስሕተት ነው እላለሁ፣ ሕግ አውጪዎቹም ሊያፍሩበት ይገባል። ስለዚህ ክሱ የሚቆመው በቁሳዊ ጉዳት ላይ ነው፤ ባወጣችሁት፣ ወደፊት ለሕክምና በምታወጡትና በቀረባችሁ ገቢ ላይ።

ገቢ ላይ ስንደርስ ጉልት የምትቸረችረዋና እንጀራ የምትጋግረዋ «ደመወዝ የለኝ፣ በምን አስረዳለሁ?» ትላለች። የዕቁብ መዝገብ አለሽ። የማኅበራችን የቁጠባ ደብተር አለሽ፤ በየሳምንቱ ስታስገቢ የነበረው ከወሊዱ በኋላ ሲቋረጥ ቀኑ ተጽፎ ይታያል። እንጀራ የምታቀርቢለት ምግብ ቤት ምስክር ነው። ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅድለታል፤ ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን ዳኛውም በምን ይያዘው?

ሌላው ሽምግልና ነው። ሆስፒታሉ ሽማግሌ ይልካል፣ «የሕክምናሽን እንሸፍን፣ እዚህ ላይ ፈርሚ» ይባላል። ደግ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአንቀጽ 3312 መሠረት የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያነበው አትፈርሙ፤ ባላችሁ ብቻውን ሄዶ እንዳይፈርምም ተነጋገሩ።

የዳኝነት ክፍያ የሚያስፈራችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እስከ አሥር ሚሊዮን ብር የሆነ ክስ የሚቀርበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ለእኛ ቂርቆስ ምድብ ችሎት ቅርብ ነው።

ለጋሾቻችንም ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሴቶች ክስ የሚያቋርጡት በጠበቃ ዋጋ ብቻ አይደለም። በየቀጠሮው የሚቀረው የቀን ገቢ፣ የፎቶ ኮፒው፣ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ማጣቱ ነው የሚያስቀራቸው። ባለፈው ለጎዙ እህታችን ቀጠሮ ሦስት ሴቶች ተራ ገብተው ልጇን ያዙላት፤ ታክሲውን ከማኅበሩ ሣጥን ከፈልን።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ እቀመጣለሁ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በቀን ቅደም ተከተል አብረን እናስተካክለዋለን። የወለዳችሁበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፋችሁ አምጡ፤ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።