የልብስ እጣቢ ውሃ የት ይደፋ?
በሳንቃ በር አካባቢ ለሚኖሩ እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የመጣነው ስለ ልብስ ዕጥበት ልንነጋገር ነው። እኛ ልጆቻችሁ ለእናንተ ልብስ ማጠብን እናስተምር ማለታችን አይደለም፤ ያ ድፍረት ይሆናል። የኛ ጥያቄ፣ የታጠበበት ውሃ የት ይደፋል? የሚል ነው።

ከወንዝ ዳር ሲታጠብ ይህ አይነሣም፤ ጅረቱ ይወስደዋል። የሚወስደው ግን ከበታች ወዳለው መንደር ነው፤ እዚያም ሰው ይጠጣዋል። በእንዶድ የምታጥቡ እናቶች ደግሞ ይህን ስሙ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል። ቀንድ አውጣን የሚገድል ውሃ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ውሃ ቀድቶ እቤት ማጠብ ይሻላል።

እቤት ሲታጠብ ግን አንዳንዱ ሰው፣ እድፍ ከእድፍ ጋራ ይሂድ ብሎ እጣቢውን ሁሉ በሽንት ቤት ጉድጓድ ይገለብጠዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በጉድጓዱ ውስጥ ዓይነ ምድሩን ቀስ በቀስ የሚያፈርሱ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ በረኪና ሲበዛ ይገድላቸዋል። ውሃው ሲበዛ ደግሞ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ ይሸታል፣ ግድግዳው ርሶ ይናዳል፤ እድፉም ወደ ምንጭ ሊሰርግ ይችላል።

በደባርቅና በዳባት ከተማ ሴፕቲክ ታንክ ያለው ቤትም ከዚህ አያመልጥም። ታንኩ የሚሠራው ውሃው ረግቶ ሲቆይ ነው፤ ደረቁ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ የመካከሉ ውሃ ወደ መምጠጫው ይወጣል። የሳምንቱ ልብስ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ሲታጠብ፣ የሚጎርፈው ውሃ ዝቃጩን በጥብጦ ያወጣና መምጠጫውን ይደፍነዋል። እንዲህ ያለ ቤት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጠብ፤ የዱቄት ሳሙናውንም ይቀንስ። አረፋ መብዛቱ ንጽሕና አይደለም።

ተራ ጉድጓድ ላለው ቤት ግን ለእጣቢው ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ከቤቱ በታች፣ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 1 ሜትር ያህል ሆኖ ይቆፈርና ድንጋይ ይሞላበት፤ ትልልቁ ከታች፣ ጠጠሩ ከላይ። ድንጋይ እንደ ሆነ በስሜን አልጠፋም! ከላዩ ጭድ ወይም ሣር ይደረግበት፤ የልብሱን ክርና ቅባቱን ይይዛል፤ ሲቆሽሽ ይለወጣል።

የሕፃን ጨርቅ ግን ይለያል። የሕፃን ዓይነ ምድር በሽታ የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። ዓይነ ምድሩና የመጀመሪያው እጣቢ ወደ ሽንት ቤት ይግባ፤ ቀጥሎ ያለው ውሃ ወደ ድንጋዩ ጉድጓድ። አተት የያዘው ሰው ልብስም እንዲሁ፤ እሱንማ በፍጹም ወደ ወንዝ እንዳትወስዱት። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋ በዐመድ ታጠቡ።

ስለ ቅማልም ሳንናገር ብንሄድ ደስ አይለንም። በሳንቃ በር ብርድ ልብስ ተደራርቦ ይለበሳል፣ ሌሊትም አይወልቅም፤ ለቅማል ከዚህ የበለጠ ድሎት የለም። የልብስ ቅማል ተስቦን፣ ደግሞም ግርሻ የሚባለውን የሚመላለስ ትኩሳት ያመጣል፤ ሁለቱም ይገድላሉ። ግርሻ የሚተላለፈው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ስለዚህ በጥፍር መጨፍለቅ ይቅር። ልብሱ፣ በተለይ ቅጫም የሚያዝልበት ስፌቱ፣ ይቀቀል። በዚህ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቅማልና ቅጫም ግን ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ይበቃል።

በርኖስ ቢቀቀል ይኮማተራል። እሱን በላስቲክ ከረጢት አስሮ ሁለት ሳምንት ሳይለብሱ ማቆየት ነው፤ ቅማል ከሰው ደም ሲለይ አይቆይም። በዚህ ብርድ በርኖስ አውልቁ ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ፀሐይ የሚሞቅበትን የበጋ ወር ምረጡ። በቤታችሁ ትኩሳት ለቆት እንደገና የተመለሰበት ሰው ካለ ግን በጋን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት፣ በመድኃኒት የሚድን ነው። የለበሰውም ልብስ በዚያው ቀን ለብቻው ይቀቀል።