ፊታችንን ለመርፌ ከመስጠታችን በፊት
(በፀዳ፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቦቶክስ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ቡና ላይ ያነሱታል፤ ከማኅበሩ ተበድረው ለመሠራት የሚያስቡም አሉን። መዋብ ነውር አይደለም። እናቶቻችን ግንባራቸውንና አንገታቸውን ተነቅሰዋል፤ እኛም እንኳላለን፣ ሹሩባ እንሠራለን። ነገር ግን የንቅሳት መርፌ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ይኼኛው ጡንቻ ውስጥ ይገባል።

ቦቶክስ ከባክቴሪያ የሚገኝ ብርቱ መርዝ ነው፤ በጥቂቱ ተመጥኖ ሲሰጥ መድኃኒት ይሆናል። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ያግዳል፤ ጡንቻው ሲዝል የቆዳው መጨማደድ ይቀንሳል። በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ለዐይን ሕመም ነበር፤ በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር የተፈቀደው በ2002 ነው። የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ወር ነው። ብድሩ ተከፍሎ ሳያልቅ ውጤቱ ያልቃል ማለት ነው።

አደጋው የጡንቻዎቹ መቀራረብ ነው። እስቲ ጣታችሁን በቅንድቦቻችሁ መካከል አድርጋችሁ ተኮሳተሩ፤ የሚቋጠረው ጡንቻ ይሰማችኋል። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ በዐይን ጉድጓድ ውስጥ፣ የላይኛውን የዐይን ሽፋን የሚያነሳው ጡንቻ አለ። መድኃኒቱ ወደዚያ ከወረደ ሽፋኑ ይወድቃል። ስለዚህ የሠለጠነ ሐኪም ቅንድብ አካባቢ ሲወጋ ከዐይን ጉድጓድ አጥንት ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ግንባር ላይ ከበዛ ደግሞ ቅንድብ ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚያነሳው የግንባር ጡንቻ ብቻ ነውና። ስሕተቱን ወዲያው የሚመልስ መርፌ የለም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት መጠበቅ ነው።

የወሰነች እህት እንዲህ ብላ ትጠይቅ፦ የሚወጋኝ የሠለጠነ ሐኪም ነው? መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር? ስሙ ማን ነው፣ ልኩስ ስንት ነው? የአንዱ ፋብሪካ ልክ ከሌላው ጋር አንድ አይደለምና። መርፌው ከነማሸጊያው ፊቴ ይከፈታል? ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም የጡንቻ መዛል ሕመም ያለባት አትወጋ። የተወጋችም ለ4 ሰዓት ያህል ቦታውን አትሽ፣ ጋደም አትበል። መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ትሂድ፤ ፀዳ ለጎንደር ቅርብ ናት።

በፀጉር ቤትና በሰው ሳሎን ለሚዞር መርፌ ግን ፊታችንን አንስጥ። «ልትኳል ሄዳ ዐይኗን አጠፋች» እንዳይሆንብን።